የሳምንቱን ምግባችንን ስንመዝነው፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ጤና ይስጥልኝ። የሥነ ምግብ ባለሙያ ነኝ። ባለፈው አንድ ነገር ጠይቄያችሁ ነበር። ለአንድ ሳምንት የበላችሁትንና የጠጣችሁትን ሁሉ፣ የሻይ ስኳሩን ሳይቀር፣ ጻፉና ከጤናማ አመጋገብ መመሪያ ጋር አስተያዩት ብዬ ነበር። ብዙዎቻችሁ ጽፋችኋል፤ ጥያቄውም ጎርፏል። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ፣ አንዳንዱንም አሳጥሬ እመልሳለሁ።

የላካችሁልኝን ሳነብ አንድ ነገር ጎልቶ ታየኝ። እንጀራ፣ ሽሮ፣ ምስርና ጎመን የሚቀርብበት ገበታ ደህና ገበታ ነው። ብዙዎቻችን የምንሳሳተው ልኩ ላይ ነው። ዘይቱ፣ ጨውና ስኳሩ ይበዛል፤ አትክልትና ፍራፍሬው ያንሳል። ስለዚህ ዛሬ ብዙ የማወራው ስለ ልክ ነው።

ጥያቄ፦ ሰላም እህታችን። ሳምንቱን ጻፍኩት። ግን «ጤናማ» የሚባለውን በምን ልለካ? ሁሉም የየራሱን ነው የሚያወራው። (አዲስ አበባ)

መልስ፦ ሁለት ነገር ይዘህ ተነሳ። አንደኛው የራሳችን ነው። በኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት የተዘጋጀ ብሔራዊ የአመጋገብ መመሪያ በ2014 ዓ.ም. ይፋ ሆኗል። ዋና ምክሩ ቀላል ነው። ምግብህን አሰባጥር። ጥራጥሬ፣ አትክልትና ፍራፍሬ በየቀኑ ብላ። ዘይት፣ ጨውና ስኳር ቀንስ፤ ሰውነትህንም አንቀሳቅስ።

ሁለተኛው የዓለም ጤና ድርጅት ቁጥሮች ናቸው። ለአዋቂ ሰው አትክልትና ፍራፍሬ በቀን ቢያንስ 400 ግራም። ጨው ከ5 ግራም በታች፤ ይኸውም ለጥ ያለ አንድ የሻይ ማንኪያ ነው። የተጨመረ ስኳር በቀን 2000 ኪሎ ካሎሪ ለሚበላ ሰው ከ50 ግራም በታች፣ ቢቻል ከ25 ግራም በታች። ማርና የጭማቂ ስኳርም እዚህ ውስጥ ይቆጠራል። ቅባት በጠቅላላ ከዕለቱ ጉልበት ከ30 በመቶ ባይበልጥ፤ ለዚያው ሰው 66 ግራም ገደማ ይሆናል። አሰር፣ ማለትም ሆድ ውስጥ ሳይፈጭ የሚያልፈው የእህል፣ የጥራጥሬና የአትክልት ክፍል፣ ቢያንስ 25 ግራም። ለዛሬ እነዚህ ይበቁናል።

ጥያቄ፦ 400 ግራም አትክልትና ፍራፍሬ ስንት ነው? ሚዛን የለኝም። ደግሞ በየቀኑ ወጥ ውስጥ የሚገባው ሽንኩርት ይቆጠራል? (ባሕር ዳር)

መልስ፦ ሚዛን አያስፈልግሽም። 80 ግራም የሚሆን አምስት ድርሻ አድርገሽ አስቢው። አንድ መካከለኛ ሙዝ አንድ ድርሻ ነው። አንድ ብርቱካን አንድ ድርሻ ነው። የተቀቀለ ጎመን ሦስት አራት የሾርባ ማንኪያ ሙሉ፣ አንድ መካከለኛ ቲማቲም፣ አንድ ትልቅ ካሮት፣ እያንዳንዳቸው አንድ ድርሻ ናቸው። ድንችና ስኳር ድንች ግን ከእህሉ ወገን ስለሆኑ እዚህ አይቆጠሩም።

የሽንኩርቱን ጥያቄ ወድጄዋለሁ፤ የእኛን ወጥ ቤት የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው የሚጠይቀው። አዎ፣ ይቆጠራል። ወጣችን ብዙ ሽንኩርት ከሚገባባቸው ምግቦች አንዱ ነው። ነገር ግን ሁለት ነገር አስቢ። አንደኛ፣ የሽንኩርቱ ቫይታሚን ሲ ለረጅም ጊዜ ሲቁላላ በብዛት ይጠፋል። ሁለተኛ፣ ሽንኩርት ብቻውን የጎመንን፣ የካሮትን፣ የዱባን ሥራ አይሠራም። ስለዚህ የወጡን ሽንኩርት እንደ አንድ ድርሻ ያዢና የቀረውን አራት ከሌላ ፈልጊ። በላካችሁልኝ ጽሑፍ ላይ ብዙዎቻችሁ ከሽንኩርትና ከቲማቲም ውጪ ቀኑን ሙሉ ምንም አልጻፋችሁም። መጀመሪያ መሞላት ያለበት ክፍተት ይኸው ነው።

ጥያቄ፦ ዘይት እንቀንስ ይባላል። እኔ ግን ስንት እንደምጨምር አላውቅም፤ በዓይኔ ነው የማፈሰው። እንዴት ልወቅ? (አዳማ፣ የሦስት ልጆች እናት)

መልስ፦ እህቴ፣ ወጥ ሠሪ ሁሉ በዓይኑ ነው የሚያፈሰው። ስለዚህ ማንኪያውን ትተሽ ጀሪካኑን ለኪ። አዲስ ዘይት የከፈትሽበትን ቀን በእስክሪብቶ ጀሪካኑ ላይ ጻፊ። ያለቀበትንም ቀን ጻፊ። ከዚያ አካፍይ።

አብረን እናስላው። አምስት ሆናችሁ 5 ሊትር ዘይት ለአንድ ወር በቃችሁ እንበል። ለአንድ ሰው በቀን 33 ሚሊ ሊትር ይደርሰዋል፤ ወደ 30 ግራም ማለት ነው። አንድ ግራም ቅባት 9 ኪሎ ካሎሪ ስላለው 270 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ሆነ። ከላይ ካልኩት 66 ግራም ግማሽ አይሞላም፤ የቀረው ከሥጋው፣ ከወተቱ፣ ከኑጉና ከለውዙ ይመጣል። ይህ ደህና ነው። ያው ጀሪካን በሁለት ሳምንት ካለቀ ግን ለእያንዳንዱ ሰው በቀን ወደ 65 ግራም መጣ። የቀኑ ቅባት ሌላ ምንም ሳይጨመር በዘይት ብቻ አለቀ ማለት ነው። ልጆቹ ከእናንተ ያነሰ ስለሚበሉ ደግሞ የአዋቂው ድርሻ ከዚህም ይበልጣል።

የት ነው የሚቀነሰው? ቁሌቱ ላይ ነው። ድሮ ብዙ እናቶች እንደሚያደርጉት ሽንኩርቱን መጀመሪያ ያለ ዘይት አቁላዪው። ድስቱን አግለሽ፣ ደቆ የተከተፈውን ሽንኩርት ጨምረሽ፣ ሊያር ሲል ውኃ ጠብ እያደረግሽ አማስዪ። ቀለሙ እስኪለወጥና እስኪለሰልስ ታገሺ። ዘይቱ ከበርበሬው ጋር ይግባ። መጀመሪያ ዘይት ስታፈሺ ሽንኩርቱ ይጠጣውና «ደረቀብኝ» ብለሽ ትደግሚያለሽ፤ እጥፍ የሚሆነው እዚያ ላይ ነው። ወጡ በደንብ ከተቁላላ ጣዕሙ አይጓደልም። ላዩ ላይ ዘይት ካልተንሳፈፈ ወጥ አልወጣውም የሚሉ ቤተሰቦች አሉ፤ እነሱን ቀስ በቀስ ማስለመድ ነው።

ጥያቄ፦ የሚረጋው ዘይት ይሻላል ወይስ ፈሳሹ? ቅቤስ? (ጅማ)

መልስ፦ ፈሳሹ ይሻላል። የሚረጋው የፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ ልብን የሚጎዳው፣ የሚረጋው የቅባት ዓይነት ነው። የሱፍ፣ የአኩሪ አተር፣ የኑግ ዘይት በዚህ በኩል የተሻሉ ናቸው። የተነጠረ ቅቤ ደግሞ ሁለት የሾርባ ማንኪያው ብቻ ወደ 17 ግራም የሚረጋ ቅባት አለው፤ የቀኑ ጣሪያ ደግሞ 22 ግራም ገደማ ነው። ለበዓል ዶሮ ወጥ አልከለክልህም። ለዕለት ሽሮ ግን ለሽታው ያህል ትንሽ ጣል ማድረግ ይበቃል።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ ግፊት አለብህ ጨው ቀንስ ተባልኩ። እኔ ወጥ ላይ ጨው አልጨምርም፤ የሚሠሩልኝ ሰዎች ናቸው። ምን ላድርግ? (ደሴ፣ ጡረተኛ)

መልስ፦ አባቴ፣ እግዚአብሔር ይማርዎት። ለቤቱ ሰው ይቺን ስሌት ይንገሩልኝ። በቀን ለአንድ ሰው 5 ግራም ከሆነ አምስት ሰው ያለበት ቤት በቀን 25 ግራም ይጠቀማል። ስለዚህ አንድ ኪሎ ጨው 40 ቀን መቆየት አለበት። እሱም ሌላ ጨው ከሌለ ነው። ሌላ ግን አለ። በርበሬው ሲፈጭ ጨው ገብቶበታል። ብዙ ጊዜ ሽሮውም እንደዚያው ነው። ዳቦም ጨው አለው። ወጥ ላይ የሚበተነው የሾርባ ቅመም ደግሞ ከምንም በላይ ጨው ነው፤ ለእርስዎ በሚሠራው ላይ ጨርሶ ባይገባ ጥሩ ነው።

ለቤቱ ሰው የሚቀለው ወጡን በትንሽ ጨው ሠርቶ የፈለገ ሰው ሰሐኑ ላይ እንዲጨምር ማድረግ ነው። ሎሚ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ኮረሪማ ጨው ሲያንስ ጣዕሙን ይደግፋሉ። ምላስ በጥቂት ሳምንታት ይለምዳል። የግፊት መድኃኒትዎን ግን «ጨው ቀንሻለሁ» ብለው በራስዎ እንዳያቆሙ። በጨው ምትክ የሚሸጡ ፖታሲየም ያለባቸውን ጨዎችም ሐኪምዎን ሳይጠይቁ አይጀምሩ፤ ኩላሊት ላይ ችግር ካለ አደገኛ ናቸው።

እግረ መንገዴን ለሁላችሁም። የምትገዙት ጨው አዮዲን ያለው ይሁን። በአገራችን ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ ለምግብ የሚሸጥ ጨው አዮዲን እንዲኖረው በመንግሥት ደንብ ተደንግጓል፤ እንቅርትን የሚከላከለው እሱ ነው። አዮዲን በፀሐይ፣ በእርጥበትና በረጅም ማብሰል ይቀንሳል። ክዳን ባለው ዕቃ አስቀምጡት፤ ወጥ ላይ ሊወጣ ሲል ጨምሩት።

ጥያቄ፦ በዓመት ግማሹን እጾማለሁ። ጿሚ ስለሆንኩ አመጋገቤ ጤናማ ነው ብዬ ነበር። ስጽፈው ግን ሆዴ ተጠራጠረ። (አዲስ አበባ)

መልስ፦ ጥርጣሬሽ ልክ ነው፤ ደስም ብሎኛል። የጾም ገበታ በራሱ ድንቅ ነው። ጥራጥሬ አለ፣ ጎመን አለ፣ ተልባና ሱፍ አለ፤ የሚረጋው የእንስሳት ቅባት የለም። ለልብ የሚመከረው ምግብ በአብዛኛው ይኸው ነው።

የላክሽውን ግን አየሁት። ጠዋት ጾም ነው። ከስድስት ሰዓት በኋላ ሳምቡሳና ሻይ። ምሳ ፓስታ በቲማቲም። ማታ ፍርፍር፣ አንዳንዴ የድንች ጥብስ። በመካከል ለስላሳ። ይህ ጾም ነው፤ ግን ጥራጥሬውና ጎመኑ የታሉ? በጾም ሰዓት ከመጠበቅ የተነሳ የደከመው ሰው ጥብስና ጣፋጭ ይፈልጋል፤ የሰውነት ጠባይ ነው። ስለዚህ ጾምሽን የምትፈቺበትን ምግብ ከጠዋቱ አዘጋጂው። የተቀቀለ ሽምብራ ወይም ባቄላ፣ አንድ ሙዝ፣ ውኃ። ከዚያ በኋላ ምሳ። በየዕለቱ አንዴ ሽሮ ወይም ምስር ወይም ክክ፣ አንዴ ጎመን ወይም ሰላጣ ይኑር። በየዓይነቱ ከሁሉ የተሻለው የጾም ምግብ ነው፤ ዘይቱ ልክ ከሆነ።

ቫይታሚን ቢ 12 የሚገኘው ከእንስሳት ምግብ ብቻ ነው። ጉበት ለዓመታት የሚበቃ ስለሚያከማች በፍስክ እንቁላል፣ ወተትና ሥጋ የሚበላ ጤነኛ ሰው ጾሙ ብቻውን አይጎዳውም። ችግሩ በፍስክም የእንስሳት ምግብ የማያገኝ ሰው ላይ ነው። እጅና እግር መደንዘዝ፣ ድካም፣ የምላስ መቁሰል ካለ ተመርመሪ። እርጉዞች፣ የሚያጠቡ እናቶችና ሕመምተኞች ደግሞ ከሐኪምም ከንስሐ አባትም ጋር ይነጋገሩ። አባቶች ለሕመምተኛ ይራራሉ።

ጥያቄ፦ አሰላሙ ዓለይኩም። ረመዳን ላይ ክብደቴ ይጨምራል። ጹሜ እንዴት እወፍራለሁ? (ሐረር)

መልስ፦ ወዓለይኩም ሰላም ወንድሜ። ኢፍጣሩ ላይ ያለውን ቁጠረው። ሳምቡሳ፣ ሙሸበክ፣ በስኳር የታሸ ጭማቂ፣ ከዚያ ደግሞ እራት። በቴምርና በውኃ ፍታ፤ ሾርባ ጠጣ፤ ስገድ፤ ከዚያ እራትህን ብላ። ሳምቡሳ ከምስር ተሠርቶ አንድ ሁለት ከሆነ ምንም አይደለም። ለሱሑር፣ ጎህ ሳይቀድ ለሚበላው፣ ደግሞ ቶሎ የማይፈጭ ነገር ይሁን። የገብስ ገንፎ፣ ፉል፣ እንቁላል።

ጥያቄ፦ አባቴ ስኳር አለባቸው። እዚህ ጤፍ ውድ ስለሆነ እንጀራችን ከነጭ ዱቄት ነው። «አገሬ እያለሁ እንጀራ በልቼ ምንም አልሆንኩም» ይላሉ። ምን ልበላቸው? (እስራኤል፣ ነታንያ)

መልስ፦ አባትሽ ያሉት ውስጥ እውነት አለ። ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል የገቡ ወገኖቻችን ሲገቡ የስኳር በሽታ እምብዛም አልነበረባቸውም። በዓመታት ውስጥ ግን በፍጥነት ጨመረ፤ ተመራማሪዎችም ደጋግመው ጽፈውበታል። አገር ቤት ሰዓታት የሚፈጅ የእግር መንገድ፣ የእርሻ ሥራ፣ ከነገለፈቱ የተፈጨ እህል ነበር። እስራኤል ውስጥ አውቶቡስ፣ ወንበር፣ ነጭ ዱቄት፣ ነጭ ሩዝና ጣፋጭ መጠጥ አለ። ያው ሰው፣ ያው «እንጀራ» የሚባል ምግብ ነው፤ በውስጡ ያለውና በዙሪያው ያለው ኑሮ ተለወጠ።

ስለዚህ «እንጀራ ተውልኝ» አትበያቸው፤ አይሰሙሽም፤ መተውም የለባቸውም። ዱቄቱን ቀይሪ። ጤፉን ብቻውን መግዛት ካልቻላችሁ ከሙሉ የስንዴ፣ ከገብስና ከማሽላ ዱቄት ጋር ቀላቅላችሁ አቡኩት። ቀጥሎ መጠኑ ነው። አንድ ሙሉ እንጀራ ከሆነ የሚበሉት ወደ ግማሽ አውርጂውና ወጡን አብዢ። የምስር ወጡ ወፈር ይበል፤ ጎመኑም ከእንጀራው እኩል ቦታ ይያዝ። ጭልፋ ወጥ በትልቅ እንጀራ መብላት ደማቸው ውስጥ ያለውን ስኳር ያሻቅበዋል። ሻይና ቡናው ያለ ስኳር ይሁን። ከምግብ በኋላ ትንሽ በእግር ቢሄዱ ስኳራቸው ሲወርድ መለኪያው ላይ ያዩታል፤ ሽማግሌ የሚያምነው ያየውን ነው። የመድኃኒቱ መጠን ከምግቡ ጋር ስለሚሄድ ኩፓት ሖሊም (የጤና መድን ክሊኒካችሁ) ያለችውን የምግብ ባለሙያ አማክሩ።

ጥያቄ፦ ጤፍ ብረት አለው ይባላል፤ በየቀኑ ጤፍ እበላለሁ። ግን ደም ማነስ አለብሽ ተባልኩ። እንዴት ነው ነገሩ? (መቀሌ፣ 24 ዓመቴ ነው)

መልስ፦ ጤፍ ብረት አለው። በጤፍ ላይ ከሚለካው ብረት የተወሰነው ግን በአውድማ ላይ ከአፈር የሚቀላቀል ነው፤ እሱን ሰውነት በደንብ አይጠቀምበትም። የእህልና የጥራጥሬ ብረት በጠቅላላ እንደ ሥጋ ብረት በቀላሉ አይገባም። እህሉ ውስጥ ያለ ፋይቴት የሚባል ነገር ይይዘዋል። እዚህ ላይ እርሾ ባለውለታችን ነው፤ ሊጡ በደንብ ሲቦካ ፋይቴቱ ይቀንሳል። በአንድ ቀን የሚጋገር አፍለኛ በዚህ በኩል ይጎዳል።

አሁን የራስሽን ልማድ እይው። ምሳ እንዳበቃ ቡና ይፈላል፤ አይደል? ቡናና ሻይ ከምግብ ጋር ወይም ወዲያው ሲጠጡ ብረቱ ወደ ደም በደንብ እንዳይገባ ያደርጋሉ። ቡናውን አትተዪ፤ ቢያንስ አንድ ሰዓት አቆዪው። ምግቡ ላይ ደግሞ ቫይታሚን ሲ ጨምሪ። ምስሩ ላይ ሎሚ ጭመቂ፤ ቃሪያና ጥሬ ቲማቲም ከጎኑ ይሁን፤ ብርቱካን ወይም ዘይቱን የሚባለውን ፍራፍሬ አስከትዪ። ሥጋ ሲገኝ ትንሽም ብትሆን ከጥራጥሬው ጋር ስትበላ የጥራጥሬውን ብረት ትረዳዋለች። የወር አበባሽ የሚበዛ ከሆነ ወይም የሆድ ትላትል ካለ ግን ምግብ ብቻውን አይበቃም፤ ምክንያቱ መታወቅና በኪኒን መታከም አለበት።

ጥያቄ፦ ሰው ቤት ነው የምሠራው። የምበላው የማዳም ቤት የተረፈውን ነው፤ ሩዝና ኩብዝ (የዓረብ ቂጣ)። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ነው እራት። ከቤትም አልወጣም። ለእኔ መመሪያ አለው? (የባሕረ ሰላጤው አገር)

መልስ፦ እህቴ፣ አለው፤ የሚቻለውን ብቻ እነግርሻለሁ። ከሩዙ ጋር የሚመጣውን ሰላጣ፣ ዱባ፣ ምስር አስቀድሚ፤ ሩዙን በመጨረሻ ብዪ። በእነዚያ ቤቶች ሰላጣና ፍራፍሬ ብዙ ጊዜ ይተርፋል፤ የሚጣለውን ቲማቲምና ብርቱካን ጠይቂ። ላበን (የሚጠጣ እርጎ) ከተገኘ ከለስላሳ ይሻላል። እራት እስኪደርስ አሥር ሰዓት ላይ እንቁላል ወይም ፉል ብትበዪ ሌሊት በረሃብ ብዙ አትበዪም። ፀሐይ የማያገኝ ሰው ቫይታሚን ዲ ያንሰዋል። ሰገነት ላይ ልብስ ስታሰጪ እጅሽንና ፊትሽን ለጥቂት ደቂቃ ፀሐይ ይንካው። አጥንትሽን ካመመሽ ሐኪም ቤት እንዲወስዱሽ ንገሪያቸው። ምግብ ተከልክለሽ ከሆነ ደግሞ ያ የአመጋገብ ጥያቄ አይደለም፤ ለቆንስላው የሚነገር በደል ነው።

ጥያቄ፦ እንቁላል ተወዷል፣ ሥጋ አይቀመስም፣ ብርቱካን የሀብታም ሆኗል። ጤናማ መብላት ለእኛ ለደመወዝተኞች ይቻላል? (ሐዋሳ፣ መምህር)

መልስ፦ መምህር፣ ሙሉ በሙሉ አይቻልም፤ ኑሮው ከብዷል። መመሪያ ሲጻፍ የኪስ ነገር ይረሳል ብትል ልክ ነህ። ያም ሆኖ ያለንን ገንዘብ ወዴት እንደምናወጣው እንይ። ሽሮና ምስር ከደረቅ ክብደታቸው አንድ አምስተኛ በላይ ፕሮቲን ናቸው። እህልና ጥራጥሬ አብረው ሲበሉ ደግሞ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል። እንጀራ በሽሮ ብልህ ጥምረት ነው። ፍራፍሬ ሲባል ብርቱካን ብቻ አትበል። እናንተ አካባቢ ሙዝ፣ አቮካዶና ማንጎ በወቅቱ ይረክሳል። ጎመን በጆንያም በተቆረጠ ባልዲም ይበቅላል፤ ቅጠሉን እየቆረጥክ ወራት ትበላዋለህ። ዱባ ርካሽ ነው፤ ለዓይን የሚያስፈልገው ቫይታሚን ኤ ከእሱ ይገኛል። ለቁርስ በሶ፣ ለመክሰስ ቆሎ ከብስኩትና ከቦንቦሊኖ በዋጋም በጥቅምም ይሻላሉ። ለስላሳው ላይ የሚወጣው ገንዘብ ወደ ሙዝ ይዙር፤ አንድ የ300 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ወደ 30 ግራም ስኳር አለው።

ጥያቄ፦ እኛ ቤት አንድ ትሪ ላይ ነው የምንበላው። እኔ ስንት እንደበላሁ በምን አውቃለሁ? እናታችን ደግሞ «በሞቴ» ካለች እምቢ አይባልም። (ጎንደር)

መልስ፦ አብሮ መብላቱን እንዳትተው። ለብቻው ሰሐን ይዞ ስልክ እያየ ከሚበላ ሰው ይልቅ እናንተ የተሻለ ልማድ አላችሁ። ስለዚህ ትሪውን በሙሉ ጻፍ። ስንት እንጀራ ተነጠፈ፣ ስንት ተጨመረ፣ ስንት ተረፈ፤ ከዚያ ለበላው ሰው አካፍል። በትክክል አይመጣም፤ አቅጣጫውን ግን ያሳይሃል።

ትሪው ላይ ሌላም የሚታይ ነገር አለ። ወጡ መሐል ላይ ይፈሳል፤ ጎመኑ ወይም ሰላጣው ጫፍ ላይ እንደ ጌጥ ይቀመጣል። እሱን ለእናትህ ንገራት፤ ጎመኑ በየሰዉ ፊት ይቀመጥ። ከፊትህ ያለውን ነው የምትበላው። ትሪው ሥር ያለውን፣ ወጥና ዘይት የጠጣውን እንጀራ በመጨረሻ የሚጠርግ ሰው በየቤቱ አለ። አንተ ከሆንክ ያንን ተወው። ለጉርሻው ደግሞ መድኃኒቱ ቀድሞ ማጉረስ ነው። እናትህን አንተ አጉርሳት፤ የእሷም ጉርሻ ከጎመኑ እንዲሆን ለምናት። እናት ልጇ ካሳሰባት እሷም ትረዳለች።

ጥያቄ፦ ቨርጂኒያ ነው ያለሁት፤ ታክሲ እነዳለሁ። የታሸገ ምግብ ላይ ጨው የሚል አጣሁ። ከየት ነው የማነበው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ እዚያ የሚጻፈው «ሶዲየም» ተብሎ ነው። 5 ግራም ጨው ወደ 2000 ሚሊ ግራም ሶዲየም ነው። አንድ የታሸገ ሾርባ 800 ካለ ከቀኑ 40 በመቶ ሄደ። ደግሞ «ሰርቪንግ» የሚለውን እይ፤ አንዳንዱ ቆርቆሮ ሁለት ሰርቪንግ ነው፤ እጥፍ ይሆናል። ምሳህን ከቤት ይዘህ ውጣ፤ ትናንት የተረፈ ምስርና ሰላጣ መኪና ውስጥም ይበላል። ተሳፋሪ ስትጠብቅም ወረድ ብለህ ተራመድ። በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ነው የሚመከረው፤ በአሥር አሥር ደቂቃ ተከፋፍሎም ይደርሳል።

የቀሩትን በአጭር በአጭሩ።

ስፕሪስ ጤናማ ነው? ፍራፍሬው አዎ፤ ስኳሩና ሽሮፑ አይደለም። «ያለ ስኳር» ብለሽ እዘዢ። ፍራፍሬውን መብላት ግን ከመጠጣት ይሻላል፤ አሰሩ ይቀራል፣ ያጠግባልም።

ጥሬ ሥጋ? ወንድሞቼ፣ እንደምትወዱት አውቃለሁ። የኮሶ ትል የሚመጣው በጥሬው ወይም በደንብ ባልበሰለ የከብት ሥጋ ነው፤ ሚጥሚጣውም አረቄውም አይገድለውም። አብስሉት። ቀይ ሥጋም ቢሆን በሳምንት ከበሰለ በኋላ ከ500 ግራም ባይበልጥ ጥሩ ነው፤ የአንድ ቅዳሜ ቁርጥ ብቻውን የሚያልፍበት ሰው አለ።

የልጄ ምሳ ዕቃ ውስጥ ብስኩትና የታሸገ ጁስ ነው የምከተው፤ ሌላ አይበላም። እሱ የሚበላው ቤት ውስጥ ሲበላ ያየውን ነው። አንድ ነገር ብቻ ቀይሪ፤ ጁሱን በውኃ። ሁለት ሳምንት ቆይተሽ ብስኩቱን በተቀቀለ እንቁላል ወይም በአምባሻና በሙዝ ተኪ። ሁሉን በአንድ ቀን ከለወጥሽው ምሳ ዕቃው እንዳለ ይመለሳል።

የስድስት ወር ልጄን አብሽ ላጠጣት? ስድስት ወር እስኪሞላ የእናት ጡት ብቻ ይበቃታል። ስድስት ወር ከሞላ ከጡቱ ጋር ወፈር ያለ ገንፎ ጀምሪላት። እህልና ጥራጥሬ አብሮ የተፈጨ፣ በውስጡ የተፈጨ ካሮት ወይም ዱባ፣ እንቁላልም ሲገኝ። ጨውና ስኳር አያስፈልጋትም። ማር እስከ አንድ ዓመት ድረስ አትንኩ።

በሻይ ስኳር ስንት ነው የምወስደው? አንድ የሻይ ማንኪያ ወደ 4 ግራም ነው፤ ክምር ከሆነ ይበልጣል። በቀን ሦስት ብርጭቆ ሻይ በሦስት በሦስት ማንኪያ 36 ግራም ሆነ። በየሳምንቱ ግማሽ ማንኪያ እየቀነስክ ውረድ።

ደግሜ መቼ ልመዝን? ጾም ሲገባና ሲወጣ። ገበታችን በጣም የሚለወጠው ያኔ ነው። ሲወጣ በዓሉን አክብሩ፤ የበዓሉ ሰሞን ካለፈ በኋላ ያለውን መደበኛ ሳምንት ጻፉና ላኩልኝ። ዘይቱ ላይ ቀን መጻፉን ግን ዛሬውኑ ጀምሩ፤ በሚቀጥለው ጊዜ የማስቀድመው ከጀሪካኑ ስሌት የሚመጡትን ጥያቄዎች ነው።